ዋንጫው ለቴን ሃግ በቂ ነው? የማንቸስተር ዩናይትድ አሠልጣኝ ይቆይ ወይስ ይሰናበት?

ዘመነ_ቀይ (አዲስ አበባ)
ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

በቅድሚያ ለሁላችሁም እንኳን ደስ አላችሁ። ትናንት በዌምብሌይ ማንቸስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፈን 13ኛውን የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫችንን አንሥተናል፤ እኔም ጎፋ አካባቢ በሚገኝ የዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ፣ የሜይኑ ግብ በተቆጠረች ጊዜ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ ስዘል የሌላ ሰው ማኪያቶ ደፍቻለሁ። ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ ጠዋት ስነቃ የነበረኝ አቋም ከጨዋታው በፊት ከነበረኝ አልተለወጠም። ኤሪክ ቴን ሃግ ሊሰናበት ይገባል እላለሁ።

በሊጉ 8ኛ ሆነን ጨርሰናል፤ ፕሪሚየር ሊጉ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተጀመረ ወዲህ ከዚህ ዝቅ ብለን አናውቅም። በ38 ጨዋታ 60 ነጥብ ሰብስበን፣ 14 ጊዜ ተሸንፈን፣ 57 ግብ አግብተን 58 ተቆጥሮብናል፤ ማንቸስተር ዩናይትድን የሚያህል ክለብ ዓመቱን በ1 የግብ ዕዳ ዘግቷል ማለት ነው። በሻምፒዮንስ ሊጉም ባየርን፣ ኮፐንሃገንና ጋላታሳራይ ባሉበት ምድብ የመጨረሻ ሆነናል። ቁጥሩን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላሰለቻችሁም፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሜዳ ላይ የማየው ነገር ነው። አጥቂዎቻችን ተጋጣሚን ለማፈን ወደ ፊት ይሮጣሉ፤ ተከላካዮቻችን ደግሞ ከጀርባቸው ኳስ እንዳይጣልባቸው ፈርተው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ በሁለቱ መካከል የእርሻ ማሳ የሚያህል ባዶ ሜዳ ይቀራል፤ በዚያ ማሳ ላይ የ32 ዓመቱ ካሴሚሮ ብቻውን ይንከራተታል። መጋቢት ላይ ብሬንትፎርድ 31 ሙከራ ያደረገብን፣ ከቼልሲ ጋርም እስከ 99ኛው ደቂቃ 3 ለ 2 እየመራን 4 ለ 3 ተሸንፈን የወጣነው ይህ ክፍተት ዓመቱን ሙሉ ሳይደፈን በመቅረቱ ነው።

የፋሲካን ማግሥትም አትርሱ። ሰኞ ምሽት በ4 ሰዓት፣ የፍስኩ ዶሮ ገና ከሆዳችን ሳይወርድ፣ ክሪስታል ፓላስ 4 ለ 0 አሸነፈን። አራተኛዋ ግብ ስትቆጠር የቤቱ ባለቤት «ጣቢያ ልቀይርላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀን ከመካከላችን የተቃወመው ሰው አልነበረም። የአንድ ቅዳሜ ድል ይህን ሁሉ ሊያስረሳን አይገባም።

ነባሩ_ደጋፊ (ደሴ)
ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ዘመነ ቀይ፣ ጽሑፍህን በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ሜዳው ላይ ስላለው ክፍተት ያልከውን አልክድም። ነገር ግን አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት ለእኛ ክለብ ነው የሚመስለኝ። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሞየስን የስድስት ዓመት ውል ሰጥተን በአሥር ወር አሰናበትነው፤ ቫን ኻል መጣ፣ ሞሪንሆ መጣ፣ ሶልሻየር መጣ፣ ራኝክ በጊዜያዊነት መጣ። ሁሉም በየተራው «ችግሩ እሱ ነው» ተብሎ ሄደ፤ ችግሩ ግን ከአንዳቸውም ጋር ተጠቅልሎ አልወጣም።

በተለይ የቫን ኻልን ነገር አስታውሱ። ግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. ክሪስታል ፓላስን 2 ለ 1 አሸንፎ ይህንኑ ዋንጫ ሲያነሣ ስንብቱ ቀድሞ ተወርቶ ነበር፤ በሁለት ቀኑም ተባረረ። ዘንድሮም በፍጻሜው ዋዜማ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ቴን ሃግ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም እንደሚሰናበት ጽፎ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ተማርን?

ፈርጉሰንም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1986 መጥተው እስከ 1990 ዋንጫ አላነሡም፤ በዚያው በ1990 በሊጉ 13ኛ ነበርን፤ ከደረጃችን ዝቅ ብለን ሳለን ያዳናቸው ይኸው ኤፍ ኤ ካፕ ነው። የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ የመጣው በ1993 ነው። በነገራችን ላይ ባየርንን አሸንፈን የሻምፒዮንስ ሊግን ያነሣንባት የባርሴሎናዋ ሌሊት ዛሬ 25ኛ ዓመቷ ነው፤ እንኳን አደረሳችሁ።

የሐይቅ_ዳሯ (ሐዋሳ)
ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽ ነባሩ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ከእርስዎ ጋር መከራከር ቢከብደኝም ተረቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ጉልቻ ማለት ድስቱ የሚቀመጥበት ሦስቱ ድንጋይ ነው። በእኛ ቤት ጉልቻዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ንቅንቅ ያላሉት የክለቡ ባለቤቶች ግሌዘሮች ናቸው፤ አሠልጣኙ ወጥ ሠሪው ነው። ወጥ ሠሪ ሲለወጥ ደግሞ ወጡ መለወጡ አይቀርም፤ ሽንኩርቱን የሚያሳርርም አለ፣ በልኩ የሚያቁላላም አለ።

የፈርጉሰን ታሪክ በየመጣው አሠልጣኝ ላይ እንደ ጠበል ሲረጭ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ትዕግሥት ፍሬ የሚሰጠው የሚታይ ቡቃያ ሲኖር ነው። ቴን ሃግ በመጀመሪያው ዓመት 75 ነጥብ ይዞ 3ኛ ሲወጣና በካራባዎ ካፕ (ሁለተኛው የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ ኒውካስልን 2 ለ 0 አሸንፎ ለስድስት ዓመት የዘለቀውን የዋንጫ ድርቅ ሲሰብር ያጨበጨብኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛው ዓመት ግን 15 ነጥብ ወደ ኋላ ወሰደን።

ዝውውሩንም እንየው። ከአያክስ የሚያውቃቸውን ሊሳንድሮ ማርቲኔዝን፣ አንቶኒንና ኦናናን አስመጣ። ማርቲኔዝ ሲሰለፍ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ጉዳት ነው። ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የወጣበት አንቶኒ ግን ዘንድሮ በሊጉ ያስቆጠረው አንዲት ግብ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ከአሠልጣኙ ጋር ተጋጭቶ በውሰት ወደ ዶርትሙንድ የተሸኘው ሳንቾ የፊታችን ቅዳሜ በዚያው በዌምብሌይ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሊጫወት ነው። ሳንቾ ጥፋት የለበትም አልልም፤ ነገር ግን ሰው የመያዝ ጥበብም የአሠልጣኝ ሥራ ነው።

ትያትረ_ሕልም (ማንቸስተር)
ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እዚህ ከተማ የምኖርና አልፎ አልፎ ትኬት ሲገኝ ኦልድትራፎርድ የምገባ ሰው እንደመሆኔ፣ ሁለት ነገር ልጨምር።

የመጀመሪያው ስለ ጉልቻው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በአርሰናል 1 ለ 0 በተሸነፍንበት ዕለት ከጨዋታው በኋላ የወረደውን ዝናብ በቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። እኔ ስታዲየሙ ውስጥ ነበርኩ። ውኃው ከጣራው ጥግ እንደ ጢስ ዓባይ እየተወረወረ ደጋፊው መቀመጫ ላይ ይወርድ ነበር፤ ከኔ አጠገብ የነበሩ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አስተካክለው ምንም ሳይናገሩ ሽቅብ ሲመለከቱ ቆዩ። ጣራው የሚያፈስ ቤት ይዞ ወጥ ሠሪን ማባረር ለኔ አይዋጥልኝም። ሰር ጂም ራትክሊፍ 27.7 ከመቶ ድርሻ ገዝቶ የእግር ኳሱን ሥራ ከተረከበ ገና ወራት ነው የተቆጠሩት፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ኦማር ቤራዳ እንኳ ገና ሥራ አልጀመረም። አሠልጣኝ የሚመርጠው ሰው ሳይመጣ አሠልጣኝ ሊቀየር ነው?

ሁለተኛው ስለ ጉዳት ነው። ማላሲያ ዓመቱን ሙሉ አልተሰለፈም፤ ሉክ ሾው ከየካቲት ወዲህ የለም፤ ስለዚህ በግራ መስመር ተፈጥሯዊ ተከላካይ ሳይኖረን ወራት አልፈዋል። ማርቲኔዝም አብዛኛውን ዓመት ያሳለፈው በሕክምና ነው። ፓላስ ባሸነፈን ዕለት ካሴሚሮ የተሰለፈው በመሀል ተከላካይነት እንደነበር ዘመነ ቀይ ሳይጠቅሰው አልፏል። ማርቲኔዝና ቫራን አብረው በተሰለፉበት በዌምብሌዩ ጨዋታ ግን ማሳው ጠቦ አይተናል። ብሩኖ ያለ ቋሚ አጥቂ ፊት ላይ ቆመ፣ ማክቶሚኔይ ከኋላው ገባ፣ አምራባትና ሜይኑ ተጠጋግተው ቆሙ፤ ሲቲ እስከ 87ኛው ደቂቃ ግብ አላገኘም። ሁለተኛዋ ግብማ፣ ራሽፎርድ ከግራ ወደ ቀኝ የጣላት ረጅም ኳስ፣ ጋርናቾ ወደ ብሩኖ፣ ብሩኖ ሳያይ በአንድ ንክኪ ለሜይኑ፤ ይህ ያልተሠለጠነ ቡድን የሚያገባት ግብ አይደለችም።

ዘመነ_ቀይ (አዲስ አበባ)
ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድሜ ትያትረ ሕልም፣ ካሴሚሮ ያን ዕለት ከኋላ መሰለፉን አለመጥቀሴ ስሕተቴ ነው፤ ተቀብያለሁ። ነገር ግን የራስህ መከራከሪያ ወደ እኔ ሐሳብ ያመጣሃል። አሠልጣኙ ክፍተቱን መድፈን እንደሚችል በፍጻሜው አሳይቷል፤ የደፈነው ግን ዓመቱን ሙሉ «የምንጫወተው እንዲህ ነው» ያለንን አጨዋወት ትቶ፣ ወደ ኋላ ተሰብስቦ በመልሶ ማጥቃት በመጫወት ነው። ለሲቲ ይህ ይበቃል። በርንሌይ ኦልድትራፎርድ መጥቶ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ግን ምን እናደርጋለን? 1 ለ 1 ወጣን፤ ያውም አሁን ከሊጉ ከወረደ ቡድን ጋር።

ወደ ፍጻሜው የመጣንበትን መንገድም አንርሳው። ሊቨርፑልን 4 ለ 3 ስናሸንፍ አማድ በ121ኛው ደቂቃ ያገባትን መቼም አልረሳትም። ከዚያ በግማሽ ፍጻሜው ከሁለተኛው ሊግ የመጣውን ኮቨንትሪን 3 ለ 0 እየመራን 3 ለ 3 ሆነን፣ በጭማሪው የመጨረሻ ደቂቃ ያገቡትን በቪ.ኤ.አር. (በቪዲዮ ዳኝነት) የእግር ጣት በምታህል ከጨዋታ ውጪ አስሽረን፣ በመለያ ምት አለፍን። ያቺ ጣት ወደ ኋላ ብትቀር ኖሮ ዛሬ ይህን ክርክር እንከራከር ነበር?

መድፈኛው_እንግዳ (አዳማ)
ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

የአርሰናል ደጋፊ ነኝና እንግድነቴን አክብራችሁ ብታዳምጡኝ ደስ ይለኛል። እኛ እ.ኤ.አ. በ2020 አርቴታን ይዘን 8ኛ ወጣን፤ በዚያው ዓመት ኤፍ ኤ ካፕን ወሰድን። በሚቀጥለውም ዓመት እንደገና 8ኛ ወጣን። ያን ጊዜ እዚህ አዳማ የነበረው የአርሰናል ደጋፊ ዘጠና ከመቶው «ይሂድ» ባይ ነበር፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ክለቡ ግን አልሰማንም። ዘንድሮ በ89 ነጥብ 2ኛ ነን። እናንተ ያላችሁበት ቦታ እኛ የነበርንበት ነው፤ ቁጥሩ እንኳ አንድ ነው።

የሐይቅ_ዳሯ (ሐዋሳ)
ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

እንግዳችን፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ወንበር ይሳቡ። ደረጃው አንድ ነው፤ ቡድኑ ግን አንድ አልነበረም። አርቴታ ለሁለተኛ ጊዜ 8ኛ ሲወጣ አርሰናል ላይ የተቆጠረው 39 ግብ ነበር፤ እኛ ላይ ዘንድሮ 58 ተቆጥሯል። መሠረቱ ወጥቶ ግድግዳው የቀረው ቤትና ጨርሶ መሠረት የሌለው ቤት ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ጣራ የላቸውም። ቴን ሃግ ቢያንስ መከላከሉን አስተካክሎ ማጥቃቱ ቢቀረው ኖሮ እኔ ራሴ ከጋሽ ነባሩ ጋር እቆም ነበር።

አወያይ
ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

በአሠልጣኙ መልክና በተጫዋቾች ቤተሰብ ላይ የተጻፉ ሦስት አስተያየቶች ተነሥተዋል። የተቀረው ውይይት ጨዋነቱን የጠበቀ ስለሆነ ይቀጥል።

የዴይራው (ዱባይ)
ግንቦት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሁላችሁም «ይሂድ» እና «ይቆይ» ትላላችሁ፤ «ማን ይምጣ?» የሚለውን ግን አንድ ሰው አላነሣውም። ቱኸል ከባየርን ተለያይቷል፤ በሄደበት ሁሉ ውጤት ያመጣል፣ በሄደበት ሁሉም ከአለቆቹ ጋር ይጋጫል። ፖቼቲኖ ከቼልሲ ከተለያየ ሳምንት አልፎታል፤ ቼልሲ 6ኛ የወጣው በእሱ ነው፣ ከእኛ በላይ ማለት ነው። ማኬና እኛ ቤት ያደገ፣ ኢፕስዊችን በተከታታይ ሁለት ዓመት ከሦስተኛው እርከን እስከ ፕሪሚየር ሊግ ያደረሰ ነው፤ እሱም ትናንት ከኢፕስዊች ጋር አዲስ ውል ፈርሟል። እንግዲህ በር ሲዘጋ በር እየቆጠርን ነው። እኔ በግሌ አሠልጣኙን አልወደውም፤ የሚተካው ሰው ሳይታወቅ ይባረር ማለትን ግን ከሥራ ልምዴም አልደግፈውም። እዚህ ቀድመው ሥራ የሚለቁ ሰዎች ሌላ ሥራ ሳያገኙ ቪዛቸው ሲቃጠል ብዙ አይቻለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ቀይ (ሜሪላንድ)
ሰኔ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ክሩ ከቀዘቀዘ ወር ሆኖታል፤ ነገር ግን ትናንት የተፈጸመው ነገር ዝም አያሰኝም። ክለቡ ሰኔ መጀመሪያ ላይ አሠልጣኙን እንደሚያቆየው ወሰነ፤ አሁን ደግሞ ውሉን እስከ 2026 እ.ኤ.አ. አራዘመለት። በመካከሉ ግን ቴን ሃግ በኢቢዛ በዕረፍት ላይ ሳለ አለቆቹ ሌሎች አሠልጣኞችን ሲያነጋግሩ ነበር፤ ከቱኸል ጋር መነጋገራቸውን ራሱ ለአገሩ ቴሌቪዥን ተናግሯል።

እኔ ይቆይ ከሚሉት ወገን ነበርኩ፤ እንዲህ ይቆይ ግን አላልኩም። ይህ ነገር ትዳሩን ሳይፈታ ሌላ ቤት ሽማግሌ ልኮ፣ እዚያ ሲከለከል የሐበሻ ቀሚስ ገዝቶ ወደ ሚስቱ የተመለሰ ባልን ይመስላል። ቀሚሱ ጥሩ ነው፤ ሚስትየዋ ግን ሁሉንም ሰምታለች፤ ጎረቤቱም ሰምቷል። መስከረም ላይ ሁለት ጨዋታ ስንሸነፍ ተጫዋቾቹ «ይህ ሰው ገና ይቆያል» ብለው የሚታዘዙት በምን ሒሳብ ነው? ወይ በዌምብሌይ ማግሥት «አሠልጣኛችን ይህ ነው» ብሎ በአንድ ቃል መግለጥ፣ ወይ አመስግኖ መሸኘት ይገባ ነበር። የሁለቱን መሀል መያዝ ከሁለቱም የከፋ ነው።

ነባሩ_ደጋፊ (ደሴ)
ሰኔ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቀሚሱን የምትለብሰው ከሆነ እንለፈው እላለሁ። እንጠብቅ።

ነባሩ_ደጋፊ (ደሴ)
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

«እንጠብቅ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝና ክሩን ከፍቼ መመለስ የሚገባኝም እኔ ነኝ። ዛሬ ተሰናብቷል። በ9 ጨዋታ 11 ነጥብ፣ 14ኛ ደረጃ። በሊቨርፑል 3 ለ 0፣ በቶተንሃም 3 ለ 0፣ ሁለቱም በገዛ ሜዳችን። ትናንት በዌስትሃም ስንሸነፍ ዳሎት ግብ ጠባቂውን ካለፈ በኋላ ባዶ ግብ ስቶ ኳሷን ወደ ላይ ሲልካት የልጅ ልጄ «አያ፣ እሱ የኛ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በተጨማሪ ሰዓት በቪ.ኤ.አር. የተሰጠችው ፍጹም ቅጣት ምት ለኔ ፍትሐዊ አይደለችም፤ ነገር ግን አሠልጣኝ በአንድ ፍጹም ቅጣት ምት አይባረርም፤ የዳሎትም ስሕተት የእሱ አይደለም። የሐዋሳዋ ልጄ፣ ስለ ቡቃያው ያልሽው ልክ ነበር። ጉልቻውን በተመለከተ ግን አሁንም አቋሜን አልለቅም፤ በሰኔ ውል አራዝሞ በጥቅምት የሚያባርረው ወጥ ሠሪው አይደለም።

ዘመነ_ቀይ (አዲስ አበባ)
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ነባሩ፣ ልክ በመሆኔ ደስ አላለኝም፤ እንዲያውም አሁን ይበልጥ ተናድጃለሁ። በክረምቱ ዝውውር ደ ሊኽትንና ማዝራዊን ገዝተናል፤ ሁለቱም በአያክስ ከእሱ ጋር የነበሩ ናቸው። ዚርክዚ፣ ዮሮና ኡጋርቴም ተጨመሩ። ገንዘቡ ከወጣ፣ የዝውውሩ መስኮት ከተዘጋ፣ ዓመቱ ከተበላሸ በኋላ ማሰናበት ግንቦት ላይ ከማሰናበት እጅግ የከፋ ነው፤ የሚመጣው ሰው በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው የሚለብሰው። ለጊዜው ምክትሉ ቫን ኒስትልሮይ ቡድኑን ይዟል፤ ረቡዕ በካራባዎ ካፕ ከሌስተር ጋር እንጫወታለን።

የሐይቅ_ዳሯ (ሐዋሳ)
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትናንት ስፖርቲንግ ሊዝበን፣ ክለባችን ለአሠልጣኙ ለአሞሪም የውል ማፍረሻውን 10 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል መዘጋጀቱን አሳውቋል። ሰውየው ስፖርቲንግን በ2021 እ.ኤ.አ. ከ19 ዓመት በኋላ የፖርቱጋል ሻምፒዮን ያደረገ፣ አምናም የደገመ ነው፤ ስለዚህ በመመረጡ ቅር አይለኝም። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። አሞሪም የሚጫወተው በሦስት ተከላካይ ሲሆን፣ በሁለቱ መስመሮች ከግብ ክልል እስከ ግብ ክልል የሚመላለሱ ተጫዋቾች የግድ ያስፈልጉታል። ሾው አሁንም ጉዳት ላይ ነው፤ ማላሲያም ገና አልተመለሰም። ትያትረ ሕልም ግንቦት ላይ ያነሣው ቀዳዳ እስከ ዛሬ እንዳለ አለ። ጨዋታው ዛሬ ማታ 4 ሰዓት ከ45 ላይ ነው፤ እስከዚያ አንድ ሰው ይመልስልኝ፤ በግራ መስመር ማን ይሰለፋል?